የብርቄ ፍሪጅ

ንፋስ መውጫ ውስጥ የብርቄን ምላስ የማይፈራ ሰው ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ጠላ ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው። ጠላዋ የታወቀ ነው፤ ስድቧ ከጠላዋም ይበልጥ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ የሚመጣው ለመጠጣት ሳይሆን ሌላው ሲሰደብ ለመስማት ነው ይባላል፤ ተራው እሱ ላይ ሲደርስ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል።

የተወለደችው ከድጓ ትምህርት ቤቱ ደብር ከቤተ ልሔም ወረድ ብሎ፣ ገብስ እንጂ ሌላ ብዙም በማያበቅል ቀዝቃዛ አገር ነው። የአባቷ ደጅ የቆሎ ተማሪ አይጠፋበትም ነበር። ተማሪዎቹ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ሲለምኑ፣ እሷ ቁራሹን እየሰጠች እርስ በእርሳቸው የሚሰዳደቡትን ታዳምጣለች። ግእዙን አልያዘችም፤ ስድቡን ግን አንድም ሳይቀራት ያዘችው።

የመጀመሪያ ባሏን አባቷ መረጡላት። ሰውዬው ዝም ብሎ የሚበላ፣ ዝም ብሎ የሚተኛ ነበር፤ ብርቄ ደግሞ የሚመልስላት ሰው ካላገኘች የበላችው አይፈጭላትም። ጥላው ወጣች። ሁለተኛውን ራሷ መረጠች፤ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ይኼኛው የሚመልስ አፍ ነበረው፤ የሚመለስ እግር ግን አልነበረውም። ወደ ወልድያ እንደ ወጣ ቀረ። እሷም ባልን በዚሁ አበቃሁ ብላ ጋን ገዝታ ጠላ ጠመቀች።

የሚያኮራት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው አታልሏት አያውቅም። ነጋዴ ገብስ ሲያመጣላት እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከታለች። ከላይ ያለው ለዓይን ነው፣ ብቅል የሚሆነው ከታች ያለው ነው ትላለች። አንድ ጊዜ ከሥር እንክርዳድ አግኝታ ጆንያውን ከነነጋዴው አስፋልት ላይ ገለበጠችው። ነጋዴው ተነሣ፤ ገብሱን ግን አውቶቡስ ሄደበት።

ስልክ የገዛችው በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። እንደ እጅ ባትሪ የምታበራ ትንሽ ስልክ ነበረች፤ ብዙ ጊዜም ብርቄ የምትጠቀመው ባትሪውን ነው። ደብረ ታቦር ያለችው የእህቷ ልጅ ሕይወት በበዓል በበዓል ትደውላለች፤ ከዚያ ውጭ ስልኳ ከጮኸ የተሳሳተ ሰው ነው።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኳ ጮኸች። ቤቱ ባዶ ነበር። የሚጾመው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የማይጾመውም የሚጾም ለመምሰል ቤቱ ተቀምጧል።

«ጤና ይስጥልኝ። ይቅርታ፣ ከማን ጋር ነው የምነጋገረው?» አለ አንድ ወንድ።

«ብርቄ ነኝ። አንተስ?»

«ወይዘሮ ብርቄ፣ እንኳን ደስ አለዎት።»

ድምፁ ራሱ ከረባት ያሰረ ይመስላል። ኢንጂነር አበጀ እባላለሁ አላት፤ የሚደውለውም አዲስ አበባ ከስልክ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ዓመት ለታማኝ ደንበኞች በወጣው ዕጣ የእሷ ቁጥር አሸናፊ ሆኗል፤ ሽልማቱም ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ነው።

ንፋስ መውጫ ላይ ፍሪጅ መሸለም ለዓሣ ውሃ እንደ መሸለም ነው። በኅዳር ደጅ ያደረ ውሃ ጠዋት በዱላ ነው የሚሰበረው። ብርቄም ይኼን አታጣውም። ግን ፍሪጁ ከጋኑ አጠገብ ቆሞ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ፣ የሰው ዓይን እያረፈበት ታያት። ባይሠራም ግድ የላትም፤ ይቁም ብቻ።

እውነቱን ለመናገር የያዛት ግን ፍሪጁ አልነበረም። «እርስዎ» የሚለው ነው። ብርቄ ዕድሜዋን ሙሉ አንቺ ስትባል የኖረች ሴት ናት። ባሎቿ አንቺ ብለዋታል፣ ሹሙ አንቺ ብሏታል፣ በግድግዳ ተደግፎ የሚሄደው ሰካራምም አንቺ ይላታል። ይኼ ኢንጂነር፣ ያውም ከአዲስ አበባ፣ ወይዘሮ ብርቄ እያለ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ሥራስ እንዴት ይዞዎታል እያለ ሲያወራት፣ ሳታውቀው ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ቀጥሎ ሥርዓቱን አስረዳት። ዕጣው እንዲጸድቅ ማስመዝገቢያ ይከፈላል። ድርጅቱ ገንዘብ በእጅ አይቀበልም፣ ሙስና ይሆናል። ስለዚህ ባለ መቶ ብር የሞባይል ካርድ ገዝተው፣ ፍቀው፣ ቁጥሩን ብቻ ያነቡልኛል አላት። ስልክዎ ላይ እንዳይሞሉት፤ ከሞሉት ዕጣው ይሰረዛል። ስልኩንም እንዳይዘጉት፤ ከተዘጋ ለተጠባባቂው ያልፋል። ለሰውም አይንገሩ፣ ምቀኛ አይጠፋም። የመጨረሻውን ለብርቄ መንገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ምቀኞቿን በየስማቸው ታውቃቸዋለች።

ስልኳን በሻሿ ጆሮዋ ላይ አስራ አስፋልቱን ተሻገረች። ማዶ ያለው ሱቅ የአዲስዓለም ነው። አዲስዓለም ከረሜላ እንኳ ሲሸጥ በእጁ መዝኖ የሚሰጥ ቋጣሪ ነው። ብርቄ ከባለ አምስት ብር በላይ ካርድ ገዝታው አታውቅም። ባለ መቶ ስጠኝ ስትለው ጆሮዋ ላይ የታሰረውን ስልክ አየ፣ ፊቷን አየ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ካርዱን ሲያቀብላትም ቶሎ አልለቀቀላትም። ምቀኛ አለች በልቧ፤ ገና ሳልነግረው ጀመረው።

ቤቷ ገብታ በቆርኪ ፋቀችው። ቁጥር የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ አንድ አንዱን እየለየች አነበበችለት። እሱም ሳይቸኩል፣ እሺ እመቤቴ፣ ቀጥሎስ እመቤቴ፣ እያለ ተቀበላት። ከዚያ ለማጓጓዣ ሌላ ካርድ አስፈለገ። ተሻግራ ገዛች። ከዚያ ደግሞ ለኢንሹራንስ። ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የማታውቀው ቃል ስለሆነም እውነት መሰላት። በመጨረሻ መኪናው ነገ ከደብረ ታቦር ይነሣል፣ ቦታ አዘጋጅተው ይጠብቁ ብሎ በክብር ተሰናበታት።

በማግሥቱ በማለዳ ለፍሪጁ ቦታ ልታዘጋጅ ትልቁን ጋን ገፋችው። ጋን እንደዚያ አይገፋም። ከወገቡ ተተረተረ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት የተጠመቀው ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ዶሮዎቿ ድፍድፉን ለቅመው ሰክረው፣ አውራው ቀኑን ሙሉ ሰዓቱ እየተሳሳተበት ሲጮኽ ዋለ። ብርቄ ግን አልተናደደችም። ፍሪጅ ለሚገባበት ቤት አንድ ጋን ምንድን ነው?

መንገድ ዳር ወጥታ ቆመች። ንፋሱ ነጠላዋን ወስዶ እየመለሰ ሲገርፋት ዋለ። ድንች የጫነ አይሱዙ አለፈ፤ ከዚያ ፍራሽ የጫነ፤ ከዚያ ባዶውን የሚንገጫገጭ። ኢንጂነሩ ጋ ስትደውል አንዲት ሴት የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም አለቻት። ብርቄ አመስግናት ዘጋች። ቆይታ ስትደውል ያችው ሴት ያንኑ ነገረቻት። ፀሐይ ወደ ጉና ተራራ ስታዘቀዝቅ፣ ድንገት፣ ከየት እንደ መጣ ሳታውቀው፣ አንድ ነገር ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ከማን ጋር ነው የምነጋገረው ብሎ ነበር። ስሟን አያውቀውም ነበር። የነገረችው ራሷ ናት።

ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እጇን እስከ ክርኗ ከጆንያ የምትከት ሴት፣ ድምፅ ብቻ አምና ቤቷን ባዶ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ብርቄ ዝም አለች። ጠላ ትቀዳለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ማንንም አትሰድብም። ደንበኞቿ በጣም ደነገጡ። አንዱ ጣሳ ሰብሮባት ምንም አላለችውም፤ ሰውዬው ፈርቶ በማግሥቱ ሌላ ጣሳ ገዝቶ አመጣ። ብርቄ ታማለች ተብሎ ወሬው ሲዛመት መሪጌታ ዘካርያስ ጠበል ይዘው መጡ።

መሪጌታ ዘካርያስ ድምፃቸው ማኅሌቱን ሞልቶ ገደሉን የሚሻገር ሰው ናቸው። ከአገልግሎት መልስ ጉሮሯቸውን ሳያርሱ ቤታቸው አይገቡም፤ የሚያርሱትም እዚሁ ነው። ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጠበሉን ረጩባትና ምን እንዳገኛት ጠየቁ። ዓይነ ጥላ እንደሆነ ገመቱ። ባዶውን የጋን ቦታ አይተውም ይኼስ ምን ሆነ አሉ።

ብርቄ መጀመሪያ አረጀ ልትል ነበር። ግን ዝምታው ራሱ በሽታ ሆኖባታል። ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ኢንጂነሩን፣ ፍሪጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሰክረው የዋሉትን ዶሮዎች። ጠጪው ሲስቅ ጣራው ሊነሣ ደረሰ። ስንት ዓመት የተሰደበ ሰው ሁሉ ዛሬ ብድሩን አገኘ። አንዱ፣ ፍሪጁ ሲመጣ ብርድ የመታውን ሰው ማሞቂያ አድርጊው አላት።

መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ጣሳቸውን አስቀምጠው ጢማቸውን ጠረጉ።

«ኢንጂነር ነኝ ነው ያለሽ ወይስ ዶክተር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ኢንጂነር።»

«ለእኔ ዶክተር ነበር።»

ሳቁ ተቋረጠ። ለመሪጌታ የወጣላቸው ኢየሩሳሌም ነበር፤ ደርሶ መልስ በአውሮፕላን። ካርዱን ፍቀው ካነበቡለት በኋላ ለትንሣኤ እሄዳለሁ ብለው ንስሐ ገብተዋል፣ ለነፍስ አባታቸው አደራ ሰጥተዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ዕድሜ ልክ የተጣሏቸውን ጎረቤት ታርቀዋል። ኢየሩሳሌም ስትቀር ጠቡን በምን ምክንያት እንደሚመልሱት ጨንቋቸው፣ እስካሁን ከዚያ ሰው ጋር ሳይወዱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

ቀጥሎ ከጥግ የአዲስዓለም ድምፅ መጣ። ለእሱ ከብርቄ ቀድሞ ፒክአፕ መኪና ወጥቶለት ነበር። ካርድ ለመግዛት የትም መሄድ አላስፈለገውም፤ ከራሱ መሳቢያ እያወጣ የሱቁን ካርድ ፍቆ ጨረሰው።

ብርቄ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «እኔ ስገዛ አይተኸኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«አውቀሃል።»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

አዲስዓለም ጣሳውን አሽከረከረ። «በምን አወቅህ ብትዪኝስ?»

ሰው ሁሉ ስድቡን ጠበቀ። አልመጣም። ብርቄ ፈለገች፣ ለዚህ የሚሆን አጣች። እሷም ነገ ሌላ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ አስሮ ሲሻገር ብታይ፣ ያው እሱ ያደረገውን ልታደርግ እንደነበር ገባት።

ሦስቱ ተያይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ቻላቸው የሚባል ለዘብ ያለ መርማሪ ቃላቸውን ተቀበለ። ደዋዩ የያዘው ሲም ካርድ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሳይሆን እንደማይቀር፣ የተነበበ የካርድ ቁጥርም በዚያው ቅጽበት እንደሚበላ ሳይደብቅ ነገራቸው። የካርድ ቁጥር ማለት ብር ማለት ነው አለ፤ የሚሸልም ሰው ደግሞ ከተሸላሚ ብር አይለምንም። ከጎረቤት ወረዳዎቹ ከእስቴም ከስማዳም እንዲህ እያሉ የመጡ ብዙ ናቸው። «ሰው ሁሉ ለብቻው፣ ወደ ኋላው እየዞረ እያየ ነው የሚመጣው» አለ። «ተጠራርቶ የመጣ እናንተን ነው ያየሁ።»

ብርቄ ከጣቢያው ስትወጣ መንገድ ላይ ቆማ፣ «እኛ አፍረን ዝም ስንል እሱ ሌላ ቁጥር ይደውላል» አለች። መሪጌታም በዚህ ተስማምተው፣ በስብከት እናገረዋለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ተናገሩትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ የስማዳ ሰው በስልክ ኢየሩሳሌም ትሄዳለህ ተብሎ እንዴት እንደተታለለ፣ አንዲት የስማዳ ሴትም በፍሪጅ ጋኗን እንደሰበረች፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው አዋዝተው ተረኩት። ለዘመድ ተዝካር ከስማዳ የመጡ ሰዎች እዚያው ነበሩና ማጉረምረም ጀመሩ።

«ስማዳ ምን አደረገዎት መሪጌታ?» አለች ብርቄ ከሴቶቹ ወገን። «ሰውዬው እርስዎ ነዎት። ሴትየዋም እኔ ነኝ።»

መሪጌታ ሳሉ፤ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በመጨረሻ፣ «እውነቷን ነው» አሉ። የስማዳ ሰዎች በጣም ሳቁ። ምእመኑ ሲበተን ግን አንዱ ከጥድ ዛፉ ሥር፣ ሌላው ከአጥሩ ጥግ እየቆየ፣ ብርቄን ጠጋ እያለ፣ ለእኔም እኮ እንዲህ የሚል ደውሎ ነበር ይላት ጀመር። አንዷ ቴሌቪዥን፣ አንዱ የእርሻ ትራክተር። ንፋስ መውጫ ሳታውቀው ሀብታም ሆና ኖራለች።

ከዚያ ወዲህ ብርቄ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማዋን ይዛ አዲስዓለም ሱቅ ደጃፍ ትቀመጥ ጀመር። ስልክ ጆሮው ላይ አጣብቆ ባለ መቶ ካርድ የሚጠይቅ ገበያተኛ ካየች ታስቆመዋለች። አንድ ቅዳሜ ወለተ ሚካኤል የምትባል የገጠር ሴት በግ ሸጣ፣ ስልኳን በነጠላዋ ጆሮዋ ላይ አስራ መጣች። ዕድሜዋ ከብርቄ እኩል ይሆናል። ካርዶቹን እንደተቀበለች ብርቄ ሳታስፈቅድ ነጠላውን ፈትታ ስልኩን ወሰደችው።

«እመቤቴ፣ ካርዱን ገዙ?» ይላል። ያው ድምፅ ነው፤ ያው ከረባት።

«ፍሪጄ የት ደረሰ?» አለች ብርቄ።

«የትኛው ፍሪጅ?» አላት።

ከተበላው ካርድ ሁሉ ይኼ ቆረጣት። ጋን ሰብራ፣ መንገድ ዳር በንፋስ ስትገረፍ ውላ የጠበቀችውን እሱ አያስታውሰውም። ያን ቀን ገበያ የነበሩ ሰዎች የብርቄን ስድብ እስከ ዛሬ ይቀባበሉታል፤ እዚህ ግን አይጻፍም። ከአያቱ ጀምራ ወደ ታች ስትወርድ፣ አባቱ ላይ ሳትደርስ ስልኩን ዘጋባት።

አሸነፍኩ ብላ ዞር ስትል ወለተ ሚካኤል አንገትጌዋን ያዘቻት። ለእሷ የወጣላት የእህል ወፍጮ ነበር። መንደሯ ወፍጮ የለውም፤ ሸክሙን ተሸክማ ግማሽ ቀን ነው የምትሄደው። አሁን ይኼ ጨዋ ሰው ተሰድቦ ስልኩን ዘጋ፤ ወፍጮውም ለተጠባባቂ ሊያልፍ ነው። ብርቄ ሌባ ነው ብትላት፣ ሌባ እንዲህ አክብሮ ያናግራል ወይ አለቻት። መርማሪው ቻላቸው መጥቶ እስኪያላቅቃቸው ድረስ ነጠላቸው ተቀዳደደ። አዲስዓለም ካርዶቹ ገና ስላልተፋቁ መልሶ ተቀበላትና ገንዘቧን ሰጣት፤ ዕቃ መልሶ የማያውቅ ሰው ነውና ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠረው።

ወለተ ሚካኤል ግን አገር ለአገር እየዞረች፣ ያች የንፋስ መውጫ ጠላ ሻጭ ቀንታ ወፍጮዬን አስቀረችብኝ እያለች አወራች። ገበያ ስትመጣም በብርቄ ደጅ እንዳታልፍ በማዶ ትሄዳለች። ብርቄ ምስጋና አልፈለግሁም ትላለች። መፈለጉን ግን ፈልጋ ነበር።

ሌላው ሁሉ ብዙም አልተለወጠም። የተበላው ተበልቶ ቀረ። አዲስዓለም ትልልቅ ካርድ ለሚገዛው ሁሉ ቁጥሩን አንብብልኝ ያለህ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ምን አገባህ ብሎ ተቀይሞ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እሱ ራሱም ካርድ ሲረከብ አንድ አንዱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ መፋቂያው የተጫረ ወይ ሌላ ነገር የተለጠፈበት ካገኘ አይቀበልም። መሪጌታ በመጨረሻ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ሰበብ ተጣልተው ዕረፍት አገኙ።

ከመስቀል በኋላ ነው፣ ብርቄ ጠላ ስትቀዳ ወለተ ሚካኤል በሩ ላይ ቆመች። ግቢም አልተባለች፣ ልግባም አላለች፤ ገብታ ተቀመጠች።

«ትናንት ሌላ ደወለ» አለች።

«ምን ወጣልሽ?»

«የውሃ መሳቢያ ሞተር።»

ብርቄ ጣሳውን አቀበለቻት። ወለተ ሚካኤል እንደነገረቻት፣ ሰውዬው ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ መለሰችለት። ስለ ክረምቱ ጠየቃት፣ እሱንም ነገረችው። ካርድ ግዢ ሲላት ያኔ ገባት። ግን እየተናገረ ነበርና ልትዘጋበት አልቻለችም። ስለዚህ ስልኩን ክፍቱን የገብስ ጎታው ውስጥ ከትታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ አረም ልታርም ሄደች። ስትመለስ ዝም ብሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ» አለች። «ሰው እየተናገረ ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም ወይ?»

ብርቄ ያን ቀን ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ የተቀመጠችውን ሴት አሰበቻት።

«ነውር ነው» አለች። «ዝጊው።»

ወለተ ሚካኤል ራሷን ነቀነቀች። ጠላውን ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች፣ ጣሳውን አስቀመጠች።

«ጌሾው አንሶታል» አለች።

ብርቄም ለዚህ የሚገባውን መልስ ሰጠቻት።